ቆረቆንዳው የት ደረሰ?

ክረምት ነው። ከሰል ላይ የተጠበሰ እሸት በቆሎ ገዝታችሁ እየፈለፈላችሁ ቤት ደርሳችኋል። ፍሬው አልቋል። ቆረቆንዳውን በረንዳው ጥግ ጣል አደረጋችሁት። ውሻችሁ አነሳው። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ዋጥ። ሦስት ሰከንድ እንኳ አልፈጀበትም።

እኔ ይህን ያየሁት አምና ነሐሴ ላይ፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው። ሳቄ መጣ። «የቡቺ ሆድ ድንጋይ ይፈጫል» አልኩ ለልጄ። ማክሰኞ ሌሊት ግን ሳቁ ጠፋ። ቡቺ የበላውን ሁሉ መለሰ፤ ከዚያ የጠጣውን ውኃ መለሰ፤ ከዚያ ቢጫ አረፋ መለሰ።

ታሪኩ ረጅም ነው፤ እመለስበታለሁ። መጀመሪያ ያንን ቁራጭ ቆረቆንዳ ተከትለን ውሻው ውስጥ እንግባ። ጉዞው ከተገነዘባችሁት በላይ በብልሃት የተሞላ ነው፤ ችግሩ የሚመጣውም ከዚያው ብልሃት ነው።

ከአፍ እንጀምር። እጃችሁን ጉንጫችሁ ላይ አድርጉና ቁራሽ ዳቦ አላምጡ። መንጋጋችሁ ወደ ላይና ወደ ታች ብቻ አይሄድም፤ ወደ ጎንም ይንሸራተታል። መጅ ወፍጮ ላይ እንደሚመላለሰው ማለት ነው። እኛ ፈጪዎች ነን።

አሁን ውሻችሁ ሲበላ ተመልከቱት። የእሱ መንጋጋ በማጠፊያ እንደተገጠመ በር ነው፤ ይከፈታል፣ ይዘጋል፣ ወደ ጎን ግን አይሄድም ማለት ይቻላል። እኛ 32 ጥርስ ሲኖረን እሱ 42 አለው። ከነዚህ ውስጥ በጉንጩ በኩል ጎላ ብለው የሚታዩት ትልልቆቹ፣ የላይኛው በታችኛው ጎን እየታከከ ያልፋል። ይህ መቀስ ነው። መቀስ ደግሞ ይቆርጣል እንጂ አይፈጭም። ውሻ አጥንት ሲይዝ ራሱን ዘንበል አድርጎ በአፉ ጎን የሚነክሰው መቀሱ እዚያ ስላለ ነው።

ያቺን ዳቦ ገና አልዋጣችኋትም አይደል? አንድ ሁለት ደቂቃ አፋችሁ ውስጥ አቆዩአት። ቀስ በቀስ ጣፈጥ ትላለች። ምራቃችን የዳቦውን ስታርች እዚያው አፍ ውስጥ ወደ ስኳር መቀየር ይጀምራል። የውሻ ምራቅ ይህን ሥራ አይሠራም። የእሱ ምራቅ ለማዳለጥ ነው፤ ቁራሹ ጉሮሮው ላይ ሳይጋጭ ሸርተት እንዲል።

እንጀራችንን ግን ይፈጨዋል። ስታርች የሚፈጨው ንጥረ ነገር ከጣፊያ አጠገብ ካለው ቆሽት ወደ አንጀቱ ይፈስለታል። እ.ኤ.አ. በ2013 በስዊድን የኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያሳተሙት ጥናት እንዳሳየው፣ ይህን ንጥረ ነገር የሚያሠራው ጂን በተኩላ 2 ቅጂ ብቻ ሲሆን በውሻ ግን ከ4 እስከ 30 ይደርሳል። ሺህ ዓመታት ከእኛ ማዕድ ሥር ሲቀመጥ ሆዱ የእኛን እህል ለመደ። አፉ ግን ተኩላ እንደሆነ ቀረ።

ተኩላ ደግሞ ለምን ያላምጣል? ከአምስት ወንድምና እህት ጋር ከአንድ ትሪ በልታችሁ ካደጋችሁ መልሱን ታውቁታላችሁ። ሥጋው መሀል ላይ ነው፤ እጆች ብዙ ናቸው፤ ቀስ ብሎ የሚያላምጥ መረቅ ይተርፈዋል። ለማጣጣም የሚሆን ምላስም ቢሆን ብዙ አልተሰጠውም። የሰው ምላስ ላይ ወደ 9,000 የሚጠጉ የጣዕም እምቡጦች ሲኖሩ የውሻው ወደ 1,700 ናቸው። የሚወስንለት አፍንጫው ነው። አፍንጫው «ቅቤና ጨው የነካው ነው» ካለ ጉሮሮው ሌላ አይጠይቅም። የእግር ላብ የጠጣ ካልሲም በዚሁ ሕግ ያልፋል።

ቆረቆንዳው ጉሮሮ ውስጥ ገባ። እዚህ አንድ ረጅም ስስ ካልሲ ፈልጉ፤ ስቶኪንግ ከሆነ ይበልጥ ጥሩ ነው። ትንሽ ቀይ ሽንኩርት አስገቡበት። አሁን ከሽንኩርቱ ኋላ በሁለት ጣት ጨመቅ አድርጉት። ወደፊት ይሄዳል። እንደገና ከኋላው ጨመቅ። የምግብ ቧንቧ የሚሠራው እንዲህ ነው፤ ምግብ በክብደቱ አይወርድም፣ ይገፋል። ውሻ አንገቱን አቀርቅሮ ውኃ ሲጠጣ ውኃው ወደ ላይ እየወጣ ሆዱ የሚደርሰው ለዚህ ነው።

አሁን ግን ትልቅ ሽንኩርት አስገቡና ካልሲውን መሀል ላይ በጎማ ላስቲክ ጠበብ አድርጉት። ጨምቁ። እዚያ ጋ ይቆማል። የውሻ የምግብ ቧንቧም እንዲህ ያሉ ጠባብ ቦታዎች አሉት፤ ደረት መግቢያው ላይ፣ ልብ አጠገብ ሲያልፍ፣ ድያፍራሙን አልፎ ጨጓራ ከመግባቱ በፊት። አጥንት ብዙ ጊዜ የሚቀረቀረው ከእነዚህ በአንዱ ነው። ውሻው አንገቱን ይዘረጋል፣ ለሃጩ ይዝረበረባል፣ ደጋግሞ ይውጣል፣ የጠጣው ውኃ ወዲያው ይመለሳል።

የውሻ የምግብ ቧንቧ ግን ከእኛ የሚለይበት ነገር አለ። የእኛ ቧንቧ ጡንቻ ከላይ እንደ ክንዳችን ጡንቻ ዓይነት ሆኖ ወደ ታች ሲወርድ እንደ አንጀት ጡንቻ ዝግተኛ ይሆናል። የውሻው ከላይ እስከ ታች የክንድ ጡንቻ ዓይነት ነው። ጠንካራ ነው፤ በፍጥነት ያወርዳል፣ በፍጥነትም ይመልሳል። ተኩላ እናት አድና በልታ ስትመጣ ግልገሎቿ አፏን ሲልሱ ሥጋውን መልሳ የምታበላቸው በዚሁ መንገድ ነው። የእናንተ ቡችላ ከሥራ ስትመጡ አገጫችሁን የሚልሰው ምን ፈልጎ እንደሆነ ብታውቁ ፊታችሁን ትታጠባላችሁ።

ስለዚህ ውሻ «አስመለሰ» ስንል ሁለት የተለያዩ ነገሮችን አንድ ስም እየሰጠናቸው ነው። አንደኛው ያለ ጥረት፣ ራሱን ዝቅ ሲያደርግ ብቻ፣ ያልተፈጨ ምግብ እንደ ዱላ ተጠቅልሎ ዱብ ሲል ነው። ይህ ከጨጓራ አልመጣም፤ ከምግብ ቧንቧው ነው የተመለሰው። ሁለተኛው ሆዱ እንደ ወናፍ እየተነፋና እየሟሸሸ፣ ጀርባው እየጎበጠ፣ ድምፅ እያሰማ የሚያወጣው ነው። ይህ ከጨጓራ ወይም ከአንጀት ነው። ሐኪም ዘንድ ስትደርሱ የመጀመሪያው ጥያቄ ይህ ነው፤ በስልክ ቪዲዮ ቀርጻችሁት ከሆነ የግማሽ ሰዓት ጥያቄ ቀነሳችሁ።

ፈረስና አይጥ ጨርሶ ማስመለስ አይችሉም። ውሻ ይችልበታል። ያገኘውን ሁሉ የሚውጥ እንስሳ መመለሻ ባይኖረው ኖሮ እስካሁን አልቆ ነበር።

የቡቺ ቆረቆንዳ ግን አልቆመም፤ ጨጓራ ደረሰ። ጨጓራ ውስጥ የሚጠብቀውን ለማየት ሁለት ብርጭቆ፣ አንድ የታጠበ የዶሮ እግር አጥንትና አንድ ቁራጭ ቆረቆንዳ አዘጋጁ። አጥንቱን በአንደኛው፣ ቆረቆንዳውን በሌላው ጨምሩና ሁለቱንም በአቼቶ ሙሏቸው። ክደኗቸው። በየሁለት ቀኑ አቼቶውን ቀይሩ።

በሳምንቱ አጥንቱን አውጡትና ለማጠፍ ሞክሩ። እንደ ጎማ ይታጠፋል። አጥንቱን ድንጋይ ያደረገው ካልሲየም በአሲዱ ሟሙቶ ሄዷል። ቆረቆንዳውስ? ረጠበ፣ ውኃ ጠጥቶ ከበደ፣ ሽታው ተቀየረ። ቆረቆንዳነቱ ግን እንዳለ ነው።

የውሻ ጨጓራ አሲድ ከአቼቶ ብዙ እጥፍ የበረታ ነው፤ ምግብ ሲገባበት ፒኤች 1 እና 2 አካባቢ ይወርዳል። ላስቲክ መሳይ የሆነው የአጥንት ቅሪትም ፕሮቲን ስለሆነ ይፈጭለታል። ይህ ጨጓራ የተሠራው ተኩላ ዱር ውስጥ ለሚያገኘው ነገር ነው፤ ለሥጋ፣ ለአጥንት፣ ለቆዳ። ቆረቆንዳን፣ ፌስታልን፣ ካልሲን፣ የማንጎ ፍሬን አያውቃቸውም።

(«ታዲያ የዶሮ ወጡን አጥንት ልስጠው?» የምትሉ ይኖራችኋል። አትስጡት። የተቀቀለ አጥንት ውስጡ ያለው ማያያዣ ወደ መረቁ ወጥቶበታል፤ ሲነከስ እንደ ሸንበቆ ተሰንጥቆ ስለታማ ይሆናል። አሲዱ እስኪደርስበት ድረስ ይወጋል። የዶሮ ወጡ ሽንኩርት ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው፤ የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ይሰብራል።)

ከጨጓራ መውጫው ላይ በር አለ። እኔ በጣም የምደነቀው በዚህ በር ነው። ዱቄት ስትነፉ ወንፊቱን አስቡት፤ የላመው ያልፋል፣ ገለባው ላይ ይቀራል። የጨጓራ በርም ምግብ በሚፈጭበት ጊዜ የሚያሳልፈው ፈሳሹንና ከ2 ሚሊ ሜትር በታች የላመውን ነው። የቀረውን ጨጓራ መልሶ ይገፋዋል፣ ያሻዋል፣ እንደገና ወደ በሩ ያመጣዋል።

ታዲያ የማይልመው ነገር ዕድሜ ልኩን እዚያ ይቀመጣል? አይቀመጥም። እንግዳ ሲበዛ ቤት አይጠረግም፤ እንግዶቹ ሲሄዱ ነው መጥረጊያ የሚነሳው። ምግቡ አልቆ ጨጓራ ባዶ ሲሆን ከጨጓራ ተነስቶ አንጀቱን በሙሉ የሚጠርግ ጠንካራ የጡንቻ ማዕበል ይመጣል። በዚያን ሰዓት በሩ ሰፋ ይላል። የተራረፈው ፀጉር፣ የአጥንት ስብርባሪ፣ ሳር አብሮ ይጠረጋል። ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት ባለው ጊዜ ማዕበሉ እንደገና ይመጣል።

ይህ እናንተም ዘንድ አለ። ጾም በያዛችሁበት ቀን ረፋዱ ላይ ሆዳችሁ ሲጮህ ሰዓቱን ጻፉት። ጥቂት ደቂቃ ያጉረመርማል፤ ከዚያ ዝም። «ለመደው» ትላላችሁ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ከቆያችሁ መልሶ ሲነሳ ትሰሙታላችሁ። ሁሉም ጩኸት ማዕበሉ አይደለም፤ ትልቁ ግን ብዙውን ጊዜ እሱ ነው። የቤት ጽዳት ላይ ነው።

ይህን ያስተማረን ራሱ ውሻ መሆኑ ይገርመኛል። የባዶ ሆድ እንቅስቃሴ እየመጣ እየሄደ መሆኑ የታየው በሩሲያ በኢቫን ፓቭሎቭ ቤተ ሙከራ ውሾች ላይ ነበር፤ ፓቭሎቭ እ.ኤ.አ. በ1904 ኖቤል ያገኘውም በምግብ መፈጨት ሥራው ነው። ማዕበሉ በቀጭኑ አንጀት ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ እንደሚጓዝ ደግሞ ጆሴፍ ሹርሼቭስኪ እ.ኤ.አ. በ1969 ባሳተመው ጽሑፍ አሳየ። እሱም ያጠናው በተራቡ ውሾች ላይ ነው።

ጽዳቱ ግን የሚገፋውን አይለይም። ቆረቆንዳውንም ከሳሩ ጋር ወደ በሩ ይገፋዋል።

እዚህ ላይ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። ቁራጩ ለበሩ በጣም ትልቅ ከሆነ ጨጓራ ውስጥ ይቀመጣል፤ ሳምንታት ሊቀመጥ ይችላል። በሩን ሲደፍነው ውሻው ያስመልሳል፤ ዞር ሲልለት ይበላል፣ ይጫወታል። «ዛሬ ተሻለው» ትላላችሁ፤ ከነገ ወዲያ መልሶ ያስመልሳል። ይህ አታላይ ነው።

ቁራጩ በሩን ለማለፍ የሚበቃ፣ አንጀቱን ለመጨረስ ግን የማይበቃ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የቡቺ እንዲህ ነበር።

በዓል ላይ በግ ሲታረድ አንጀቱን ያጠበ ሰው ርዝመቱን ያውቃል፤ ቢዘረጋ ግቢውን ይዞራል። የበግ አንጀት ከሰውነቱ ርዝመት ከ20 እጥፍ በላይ ነው። የውሻው 5 ወይም 6 እጥፍ ቢሆን ነው፤ መካከለኛ ውሻ ላይ ቀጭኑ አንጀት 3 ወይም 4 ሜትር ገደማ ይሆናል። አጭር መንገድ ነው፤ ግን ጠባብ ነው።

ቆረቆንዳው ቆመ። ባንቧ እንደተደፈነ አስቡት፤ ግን ይህ ባንቧ ከራሱ ግድግዳ ውኃ የሚያመነጭ ነው። ምግብ ለመፍጨት አንጀት፣ ጨጓራ፣ ቆሽትና ጉበት በቀን በሊትር የሚቆጠር ፈሳሽ ያፈሳሉ። በደህናው ቀን አብዛኛው ወደ ታች ሲወርድ በአንጀቱ ተመልሶ ይመጠጣል። መንገዱ ሲዘጋ የሚመጠጥበት ቦታ ሳይደርስ ከድፍኑ በላይ ይጠራቀማል፤ ጋዝ ይጨመርበታል፤ አንጀቱ ይነፋል። ውሻው ምንም ሳይበላ ብዙ የሚያስመልሰው ለዚህ ነው። የሚያወጣው የገዛ ሰውነቱን ውኃ ነው።

ድፍኑ ለጨጓራ በቀረበ ቁጥር ትውከቱ ይበዛል፣ ቶሎም ይጀምራል። ወደ ታች በራቀ ቁጥር ይዘገያል፤ ውሻውን ይጫጫነዋል፣ ይከሳል እንጂ አይጮኽም።

አሁን አንዲት ክር ጣታችሁ ላይ ጠበቅ አድርጋችሁ ጠምጥሙ፤ ለጥቂት ሰከንድ ብቻ። ጫፉ መጀመሪያ ይቀላል፣ ከዚያ ይጠቁራል። ፍቱት። ቆረቆንዳው የተቀረቀረበት የአንጀት ግድግዳ የሚሆነው ይህ ነው፤ ከውስጥ ተገፍቶ የደም ሥሮቹ ይታፈናሉ። ክሩን የሚፈታለት ከሌለ ሥጋው ይሞታል፤ ከሞተ ይበሳል፤ ከተበሳ የአንጀቱ ቆሻሻ ሆድ ውስጥ ይፈስሳል። ሰዓታት የሚቆጠሩት ለዚህ ነው።

ከቆረቆንዳ የባሰ ምን አለ ብትሉ፣ ክር እላችኋለሁ። የማዳበሪያ ጆንያ ክር፣ የስፌት ክር፣ የተተረተረ ምንጣፍ። ቀጭን ነው፤ ምን ያደርጋል?

የፒጃማ ሱሪ አምጡ፤ ወገቡ ላይ ገመድ ያለው። የገመዱን አንድ ጫፍ ያዙና ጨርቁን ወደ እሱ ግፉት። ወገቡ ተኮማትሮ እጥፍጥፍ ይላል። ክር የዋጠ ውሻም እንዲህ ይሆናል፤ የክሩ አንድ ጫፍ ጨጓራው በር ላይ ይያዛል፣ ሌላው ጫፍ ወደ አንጀት ይወርዳል። አንጀቱ ክሩን ለማውረድ ይገፋል፣ ክሩ አይወርድም፣ ስለዚህ አንጀቱ ራሱ ክሩ ላይ ይወጣል። ተኮማትሮ እያለ መግፋቱን አያቆምም። ክሩ በእያንዳንዱ እጥፋት ላይ እንደ መጋዝ ይመላለሳል።

ለዚህ ነው ከውሻችሁ አፍ ወይም ከኋላው የተንጠለጠለ ክር ስታዩ መጎተት የሌለባችሁ። እጃችሁ ይበላችኋል፤ አውቃለሁ። አትጎትቱ። የገመዱን ጫፍ ሳብ ስታደርጉ የፒጃማው ወገብ ምን እንደሆነ አይታችኋል።

ለበዓል ዋዜማ ደግሞ አንድ ማስጠንቀቂያ። የድፎ ዳቦው ሊጥ በትልቁ ሳህን ተሸፍኖ ኩፍ እስኪል ወጥ ቤት ተቀምጧል። አንድ ጠርሙስ ውስጥ ለብ ያለ ውኃ፣ አንድ ማንኪያ ስኳርና እርሾ ጨምሩ፤ አፉ ላይ የልጆች ፊኛ ግጠሙ። በግማሽ ሰዓት ፊኛው ቀና ይላል። ሊጡን የሰረቀ ውሻ ጠርሙሱም ፊኛውም ራሱ ነው። የሰውነቱ ሙቀት ከ38 ዲግሪ ከፍ ያለ ስለሆነ እርሾው ከእናንተ ወጥ ቤት ይልቅ እዚያ ይመቸዋል። ሆዱ ይነፋል፤ እርሾው አልኮልም ስለሚሠራ ውሻው ይንገዳገዳል። ሰክሯል፤ በእውነት ሰክሯል። ጎረቤት ይስቅ ይሆናል። እናንተ ሐኪም ጥሩ።

ትንንሾቹን ደግሞ በመጠናቸው አትናቋቸው። የሰዓት ባትሪ የምግብ ቧንቧ ላይ ከተለጠፈ በእርጥቡ ሥጋ በኩል ኤሌክትሪክ ያሳልፍና ሥጋውን እንደ ኮስቲክ ሶዳ ያቃጥላል፤ ለዚህ ቀን አይጠብቅም፣ ሰዓት ነው። ሁለት ማግኔት በተለያየ ጊዜ ከተዋጠ ከሁለት የአንጀት እጥፋት ተሳስበው መሀላቸው ያለውን ግድግዳ ይበሳሉ። አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ አንድ ሳንቲማችሁን መሬት ላይ አትተዉ፤ እ.ኤ.አ. ከ1983 ጀምሮ የተሠራው 97.5 በመቶ ዚንክ ነው። የጨጓራው አሲድ ያሟሟዋል፤ ዚንኩ ደም ውስጥ ገብቶ ልክ እንደ ሽንኩርቱ ቀይ የደም ሕዋስ ይሰብራል።

ወደ ማክሰኞ ሌሊት እንመለስ። ቡቺ የፊት እግሮቹን ዘርግቶ ደረቱን መሬት አስነክቶ ኋላውን ወደ ላይ አድርጎ ቆመ፤ ስግደት የሚሰግድ ይመስል ነበር። እኔ ሊጫወት የፈለገ መስሎኝ ኳስ ወረወርኩለት። ሊጫወት አልነበረም። ሆዱን ያመመው ውሻ ጫና ለመቀነስ እንዲህ ይቆማል።

በዚያ ሌሊት ባውቅ ኖሮ የምሠራቸውን ሁለት ነገሮች እናንተ ዛሬ በጤናው ቀን ተለማመዷቸው። የአውራ ጣታችሁን ጥፍር ጨመቅ አድርጋችሁ ልቀቁት፤ ነጣ ይልና መልሶ ይቀላል። አሁን የውሻችሁን ከንፈር ገልጣችሁ ድዱን በጣት ጫን አድርጉና ልቀቁ። በ2 ሰከንድ ውስጥ ቀለሙ መመለስ አለበት። ከዘገየ ደሙ በደንብ እየተዘዋወረ አይደለም። ቀጥሎ ትከሻው መሀል ያለውን ቆዳ ቆንጥጣችሁ አንሱና ልቀቁ። ወዲያው ካልተመለሰ፣ እንደ ድንኳን ቆሞ ከቀረ፣ ውኃው አልቋል። የእናንተን ውሻ ጤነኛ ቀለም ካላወቃችሁ የታመመውን አትለዩትም፤ ድዱ በተፈጥሮው ጥቁር የሆነ ውሻም አለ።

እኔ ግን ያን ሌሊት ያደረግሁት ዘይት ማጠጣት ነው። እናቴ ታደርገው ነበር፤ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያደርገዋል፤ «ያንሸራትተዋል» ይባላል። ቆረቆንዳ በዘይት አይንሸራተትም። የሚያስመልስ ውሻ ዘይት ሲጋት ወደ ሳንባው ሊገባበት ይችላል። ለማስመለስ ብሎ ጨው በውኃ መጋትም እንዲሁ ክፉ ነው፤ ጨው ብቻውን ውሻ ይገድላል። ስለታም ነገር ወይም ባትሪ የዋጠን ማስመለስ ደግሞ የተረፈውን የምግብ ቧንቧ ሁለተኛ ማቁሰል ነው። አንድ ነገር ሲውጥ ካያችሁት የዚያኑ ሰዓት ወደ ሐኪም ደውሉ፤ ከተዋጠ ሁለት ሰዓት ገደማ ሳይሞላ ከደረሳችሁና ነገሩ የሚያስፈራ ዓይነት ካልሆነ በመርፌ ሊያስመልሱት ይችላሉ። ከዚያ ወዲያ ከጨጓራ ሊያልፍ ይችላል።

ረቡዕ ጠዋት ቡቺን በታክሲ ይዘን ሄድን። ሐኪሟ ወጣት ናት። ሆዱን በሁለት እጇ ቀስ ብላ ዳሰሰች፤ አንድ ቦታ ላይ ስትደርስ ቡቺ ቃተተ።

«ጋሼ፣ ምን በልቷል?»

«ምንም። ትናንት ምንም አልበላም።»

«እሑድስ?»

ዝም አልኩ።

ራጅ ተነሳ። ብረትና አጥንት በራጅ ላይ ነጭ ሆነው ይወጣሉ፤ ቆረቆንዳ ግን ብዙ ጊዜ በግልጽ አይታይም፤ ጨርቅና ፌስታልም እንዲሁ። ታዲያ ምን ይታያል? የሚታየው ሌባው ሳይሆን የተሰበረው በር ነው። ከድፍኑ በላይ ያለው አንጀት በጋዝ ተነፍቶ ጥቁር ጥቁር ሆኖ ይታያል፤ ከታች ያለው ቀጥኗል። ሐኪሟ ማስመሪያ አንስታ ከወገቡ አምስተኛውን የአከርካሪ አጥንት ለካች፤ ከዚያ የተነፋውን አንጀት ለካች። አንጀቱ ከአጥንቱ ቁመት ከ1.6 እጥፍ በላይ ከሰፋ መዘጋቱ ያጠራጥራል። ውሻ ትንሽም ሆነ ትልቅ የራሱ አጥንት የራሱ መለኪያ ነው። ይህን ያሰበ ሰው እጁ ይባረክ።

ቆረቆንዳው ጨጓራ ውስጥ ቢሆን ኖሮ በካሜራ ቱቦ ሊያወጡት ይሞክሩ ነበር። አንጀት ውስጥ ስለሆነ ቢላ አስፈለገ። መጀመሪያ ግን ግሉኮስ ተተከለለት፤ ያጣው ውኃ ሳይመለስ ማደንዘዣ አይሰጥም።

ቀዶ ጥገናው ካለቀ በኋላ ሁሉን እንድትነግረኝ ለመንኳት። አንጀቱን የቀደደችው ቆረቆንዳው ከተቀመጠበት ላይ አልነበረም። እዚያ ያለው ግድግዳ ተጎድቷል፤ ቢሰፋም ላይይዝ ይችላል። ትንሽ አለፍ ብሎ ደህና ሥጋ ላይ ቀድዳ ቁራጩን ወደዚያ አምጥታ አወጣችው። ከሰፋች በኋላ ሁለቱን ጎን በጣት ይዛ በመርፌ ውኃ ሞላችበት፤ ጎሚስታ ጎማውን ውኃ ውስጥ ነክሮ ቀዳዳ እንደሚፈልገው፣ የሚያንጠባጥብ ስፌት ካለ ለማየት።

ከዚያ ሞራውን አምጥታ ስፌቱ ላይ አለበሰችው።

«ሞራ? ይሄ በግ ሲታረድ የምናየው?» አልኳት።

«እሱ ራሱ፤ ውሻም አለው» አለች። ሞራ ስብ ብቻ አይደለም። በደም ሥር የተሞላ ነው፤ ሆድ ውስጥ የቆሰለ ቦታ ሲያገኝ ሄዶ ይለጠፍበታል፣ ደም ያመጣለታል፣ ቀዳዳውን ይደፍናል። ሐኪሙ ቢረሳው እንኳ ራሱ ፈልጎት የሚሄድበት ጊዜ አለ። አባቶቻችን ሞራ ዘርግተው የሚመጣውን ዘመን ሲያነቡ ኖረዋል፤ እኔ ሞራ ገላጭ ዘንድ ሄጄ አላውቅም፣ ያን ቀን ግን በሞራ አመንኩ።

«ከሦስተኛው እስከ አምስተኛው ቀን ክፉ ቀን ነው» አለችኝ። ስፌቱ የሚፈታ ከሆነ በዚያን ጊዜ ነው። «ከተኛ፣ ካልበላ፣ ካተኮሰው፣ ሌሊትም ቢሆን ይደውሉልኝ።» አምስቱን ቀን ሳሎን ምንጣፍ ላይ ከቡቺ ጎን ተኛሁ። በየሁለት ሰዓቱ ድዱን ጫን አደርገው ነበር። በስድስተኛው ቀን ድዱን ስነካው ጣቴን ነከሰኝ።

ቆረቆንዳውን ሐኪሟ በትንሽ ብልቃጥ አድርጋ ሰጠችኝ። የአውራ ጣት ያህል ነው፤ ሦስት ቀን ሙሉ ሆድ ውስጥ ኖሮ ጠርዙ እንኳ አልላመም። መጽሐፍ መደርደሪያው ላይ አስቀምጬዋለሁ፤ ባለቤቴ በየሳምንቱ ትጥለዋለች፣ እኔ በየሳምንቱ አነሳዋለሁ።

ዘንድሮም በቆሎው ወጥቷል። ትናንት ከታክሲ ወርጄ አንድ እሸት ገዛሁ፣ እየፈለፈልኩ መጣሁ፣ ቆረቆንዳውን በጋዜጣ ጠቅልዬ የካፖርቴ ኪስ ከተትኩት። በሩን ስከፍት ቡቺ ሮጦ መጣ። አገጬን አልላሰም። ቀጥታ ኪሴ ጋ ሄዶ አፍንጫውን ቀበረ፣ ጭራውን እየቆላ።